መጀመሪያ የወደቀ ይክፈል፦ ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረ የተኩስ ጌም በአንድ የደሴ ጌም ቤት

ይህ የጉዳይ ጥናት አንድ ጌምን፣ አንድ ጌም ቤትንና በዚያ ቤት የሚጫወቱ ወጣቶች ስለ ጌሙ የሰጡትን እርስ በርሱ የተጣረሰ አስተያየት ይመለከታል። ጌሙ ሶል ናይት ነው። ቤቱ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚገኝ፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ የመስታወት በር ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ባለቤቱ የአክስቴ ልጅ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ የምይዝለት እኔ ነኝ፤ ስለሆነም የማቀርበው ነገር ሁሉ በሒሳብ ደብተሬ ከሰፈረውና ልጆቹ አጠገቤ ተቀምጠው ሲጫወቱ ከሰማሁት የተወሰደ ነው። እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፦ በስልካቸው ሲጫወቱት ለዓመት ያህል ከአፋቸው የማይጠፋውን ጌም፣ በትልቅ ስክሪን ሲቀርብላቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ «አይረባም» አሉት።

ስለ ጌሙ

ሶል ናይትን ለማያውቅ አንባቢ ከዘሩ መጀመር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ የካሊፎርኒያ ተማሪዎች ሮግ የሚባል የኮምፒውተር ጌም ሠሩ። ሥዕል የለውም፤ ግድግዳው በሰረዝ፣ ጀግናው በአንድ የጽሕፈት ምልክት የሚወከል ነው። ሁለት ነገሮች ግን ዘር ሆነው ቀሩ። አንደኛው፣ ተጫዋቹ የሚገባበት ዋሻ በእያንዳንዱ ጨዋታ አዲስ ሆኖ ስለሚሠራ መንገዱን በቃል መያዝ አይቻልም፤ ሁለተኛው፣ የሞተ ሞተ ነው፤ የሰበሰበው ሁሉ ይቀርና ከመጀመሪያው በር እንደገና ይገባል። ይህን ጠባይ የያዙ ጌሞች ሁሉ ዛሬም ሮግላይክ፣ ማለትም ሮግን መሰል፣ ይባላሉ። ዘሩ ለረጅም ጊዜ በጥቂት ወዳጆቹ እጅ ከቆየ በኋላ ትንንሽ ሠሪዎች በተኩስ አዋሕደው አዲስ ነፍስ ዘሩበት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዘ ባይንዲንግ ኦፍ አይዛክና በ2016 የወጣው ኢንተር ዘ ጋንጀን ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቀሱ ናቸው።

ሶል ናይት የእነዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ቺሊሩም የተባለ የቻይና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ለስልክ አወጣው፤ ከጋንጀን መነሳቱንም አልደበቀም። ታሪኩ ለስሙ ያህል ነው፤ የዓለምን ሚዛን የሚጠብቀውን ድንጋይ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሰርቀዋል፣ ሂዱና አስመልሱ ነው ነገሩ። ሦስት ዓለሞች፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አምስት አምስት ደረጃዎች አሉ፤ በአምስተኛው ላይ ቦስ፣ ማለትም የጠላቶቹ አለቃ፣ ይጠብቃል። ተጫዋቹ ክፍል ውስጥ ሲገባ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ያለውን ጠላት ሁሉ ካልጨረሰ አይከፈቱም። በስክሪኑ ማዕዘን ሦስት መስመሮች ይታያሉ። ቀዩ ደም ነው፤ በራሱ አይመለስም። ግራጫው ጋሻ ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ሳይመቱ ከቆዩ ራሱ ይሞላል። ሰማያዊው ጉልበት ነው፤ ጥሩ ጥሩው መሣሪያ ይህንን ይበላል። አንባቢው የግራጫውን ጠባይ እንዲያስታውስ እጠይቃለሁ፤ በኋላ ከተነሣው ጠብ ዋናው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ጌሙ ለስልክ መሠራቱን በግልጽ የሚያሳየው አተኳኮሱ ነው። በጋንጀን ተጫዋቹ ራሱ ያነጣጥራል፤ በሶል ናይት ግን ቁልፉን ብቻ ይጫናል፣ መሣሪያው ቅርብ ወዳለው ጠላት በራሱ ይዞራል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ መስታወት ላይ ያለ አውራ ጣት በአንድ ጊዜ አነጣጥሮም ተኩሶም፣ ስክሪኑን ሳይሸፍን መዝለቅ ይከብደዋል። ሠሪዎቹ ማነጣጠሩን ከተጫዋቹ ወስደው መሸሹን ተዉለት። ስለዚህ የሶል ናይት ጎበዝ ማለት ተኩሶ የማይስት ሳይሆን ጥይት የማያገኘው ሰው ነው።

በስልክ የነበረው ፍቅር

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። ዳታ የሚፈልግ ጌም ሁሉ ስልክ ላይ ሞቶ ተኛ። ሶል ናይት ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከዚያም በላይ አንዱ ሆትስፖት ከከፈተ ሌሎቹ ገብተው እስከ አራት ሆነው አብረው ይጫወቱታል። ልጆቹ ዜንደር በሚባለው ያለ ኢንተርኔት ፋይል ማስተላለፊያ እየተቀባበሉ በአንድ ሰፈር ያለውን ስልክ ሁሉ አዳረሱት። በዚያ ጊዜ ማታ ማታ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ በተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ አራት ልጆች ጋቢ ተከናንበው፣ ፊታቸው ብቻ በስልክ ብርሃን ቦግ ብሎ፣ «አብሽር፣ እኔ አለሁ፣ አንተ ብቻ ሽሽ» ሲባባሉ ማየት የተለመደ ነበር።

ሌላም ያላሰቡት ትርፍ አገኙ። በስልኩ ሶል ናይት ማስታወቂያ በማየት የሚገኝ ጥቅም አለ። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ማስታወቂያውም አብሮ ስለጠፋ፣ የደሴ ልጆች ጌሙን ያወቁት በንጹሕ መልኩ ነው። ይህን የምጠቅሰው ለወጉ አይደለም። በሌላ አገር ይህን መሰል ጌም ከስልክ ወደ ኮንሶል፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ወደሚገናኝ የጌም መሣሪያ፣ ሲሻገር ተጫዋቾች «ከማስታወቂያ ተገላገልን» ብለው ያመሰግኑ ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን ማንም ይህን አላነሣም። ያልነበረባቸውን ሸክም አወረድንላችሁ ቢባሉ ምን ይላሉ?

ስዊቹ ሲመጣ

በ2017 ዓ.ም. ጅዳ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ እህት ኒንቴንዶ ስዊች የተባለ፣ በቴሌቪዥንም በእጅም የሚያጫውት ኮንሶል ገዝታ ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ ላከችለት። ከዚህ ሆኖ በካርድ ጌም መግዛት ስለማይመች እዚያው ገዝታ ጭናበት ነበር። «ልጆቹ የሚወዱትን ልኬልሃለሁ» ያለችው ሶል ናይትን ነው። የስዊቹ ቅጂ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚገዛ ሲሆን፣ በአንድ ቴሌቪዥን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ይጫወተዋል። ባለቤቱ ከሦስቱ ቴሌቪዥኖች ትልቁን ሰጠው፤ በዚያ ላይ የነበረው ፊፋ ወደ ማዕዘኑ ተገፋ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሠርግ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ቅሬታ ጀመረ፤ በሦስተኛው ደግሞ ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ወንበር ባዶ ሆኖ አየሁ።

ቅሬታዎቹን እንደሰማኋቸው አሰፍራለሁ። ትንንሾቹ «ጆይስቲኩ ከበደን» አሉ። በስልክ ዓይናቸውና ጣታቸው አንድ ቦታ ነበሩ፤ አሁን ዓይን ግድግዳው ላይ፣ ጣት ጭናቸው ላይ ሆነ። ይህ እውነት ነው፣ ግን የሚለመድ ነው፤ በፊፋ ማንም ይህን አያማርርም። ከመካከለኞቹ አንዱ «ስክሪኑ ሲሰፋ ጥይቱም በዛ» አለ። ሳቅንበት፣ ነገር ግን ከንግግሩ ውስጥ ቁም ነገር አለ፤ በስልክ የራሱ አውራ ጣት ይጋርደው የነበረውን አሁን ሁሉንም ያያል። ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሶፍትዌር የሚማርና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደሴ ብቅ የሚል አንድ ወጣት ደግሞ ከሁሉም ጠንካራውን ነገር ተናገረ፦ «ሁለት ማዞሪያ ያለው ጆይስቲክ ይዤ መሣሪያው በራሱ የሚያነጣጥርልኝ ለምንድን ነው? ሁለተኛው እጄ ሥራ ፈቷል።» እሱ ጋንጀንን በላፕቶፑ የጨረሰ ሰው ነው።

የተማሪው ቃል በቤቱ ተሰራጨ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጋንጀንን በዓይናቸው እንኳ አይተው የማያውቁ የስምንተኛ ክፍል ልጆች «በራሱ ነው የሚያነጣጥረው፣ ምን ጨዋታ አለው» እያሉ ይከራከሩ ነበር። በዚህ ጊዜ ነበር የጠረጠርኩት። ያው ማነጣጠር በስልካቸውም ነበረ፤ ዓመት ሙሉ ማንም ነውር አላለውም። ሰው ያልወደደውን ነገር ትክክለኛ ምክንያት መናገር ሲያፍር ወይም ሲያቅተው፣ ከጎበዝ ሰው አፍ የተዘጋጀ ምክንያት ይዋሳል። ስለዚህ ወደ ሒሳብ ደብተሬ ተመለስኩ።

ደብተሩ የተናገረው

በጌም ቤት የሚሠራው ሕግ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል። አንድ የፊፋ ጨዋታ አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ዋጋው 10 ብር ነው፤ ያሸነፈው ወንበሩን ይዞ ይቀጥላል፣ የተሸነፈው ከፍሎ ለተረኛው ይነሣል። ሕጉ የገንዘብም የክብርም ነው። ኪሱ ውስጥ 10 ብር ብቻ ያለው ጎበዝ ልጅ ሳይከፍል ማምሸት ይችላል፤ ባለቤቱም አይጎዳም፣ በየአሥር ደቂቃው 10 ብሩ ከአንዱ ኪስ ይወጣልና።

ሶል ናይት ይህን ሕግ ከሁለት ወገን አፈረሰው። በመጀመሪያ፣ የ«አንድ ጌም» ርዝመት የለውም። ባለቤቱ እንደ ፊፋው «አንድ ጊዜ ለመግባት 10 ብር» ብሎ ነበር የጀመረው። ሁለት ጀማሪዎች ገብተው ሁለተኛው ክፍል ላይ ይሞታሉ፤ ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ 10 ብር ሄደ። ቀጥሎ፣ በሰፈሩ ሁሉ የሚታወቀው ቀጭን ልጅ ከጓደኛው ጋር ይገባል፤ ሦስተኛው ዓለም ድረስ ወርዶ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እሱም 10 ብር። ጀማሪው «ጌሙ ይበላል» አለ፤ ተረኛው «እስከ መቼ እንጠብቅ» አለ፤ ባለቤቱ የቀጭኑን ልጅ ፊት ባየ ቁጥር በረጅሙ ይተነፍስ ጀመር። የሞተ ሞተ ነው የሚለው የሮግ ሕግ ስልክ ላይ ነጻ ስለነበር ልጆቹ ሞትን እንደ ትምህርት ይቆጥሩት ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ሞት ዋጋ ወጣለት።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። ፊፋ ሁለቱን ያጋጥማል፤ ሶል ናይት ሁለቱን በአንድ ወገን ያሰልፋል። ሁለቱም ሲሞቱ ያሸነፋቸው ዋሻው ነው፤ ዋሻው ደግሞ አይከፍልም። «ማነው የተሸነፈው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ስላጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አምስት አምስት ብር እንዲካፈሉ ተደረገ። ጎበዙ «አንተ ነህ ያስገደልከኝ፣ ለምን እከፍላለሁ» ይላል፤ ደካማው ዝም ይላል፣ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ፊፋው ወንበር ይሄዳል።

ባለቤቱ ለዚህ ያመጣው መፍትሔ ብልህ መስሎኝ እኔም ደግፌው ነበር፦ መጀመሪያ የወደቀ ይክፈል። አንዱ ቢወድቅም ሌላው ስለሚቀጥል ማን ቀድሞ እንደወደቀ በግልጽ ይታያል፤ ክርክር የለም። በካርቶን ጽፎ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለው።

የዚያን እሁድ ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ። ሁለት የአንድ ክፍል ተማሪዎች፣ በስልክ ዘመን በረንዳው ላይ አብረው የማያቸው፣ የመጀመሪያው ዓለም ቦስ ላይ ደረሱ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሁለት መሸሸጊያ ነገር አለ። የአንዱ ግራጫ መስመር ሲያልቅ ወደ መሸሸጊያው ሮጠ፣ ጋሻው እስኪሞላ ቆመ፤ ይህ ትክክለኛ አጨዋወት ነው። ሞላለት። አልወጣም። ጓደኛው ብቻውን ከቦሱ ጋር እየዞረ «ውጣ እንጂ!» ይላል፤ እሱ «ቆይ፣ ልሙላ» ይላል፤ መስመሩ ሞልቶ ለሁላችንም እየታየ። ጓደኛው ወደቀ። ያን ጊዜ ብቻ ወጥቶ አንድ ጥይት ሳይተኩስ እሱም ሞተ፤ ለመኖር አልነበረም የቆየው፣ ሁለተኛ ሆኖ ለመሞት ነበር። የወደቀው 10 ብሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ማንንም ሳያይ፣ ጃኬቱን ዘግቶ ወጣ። «አብሽር፣ እኔ አለሁ» ይባባሉበት የነበረው ጌም ነው ይህ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም እንዲሁ መጫወት ጀመረ። ወርቁን ቀድሞ መሻማት፣ ጥሩ መሣሪያ ሲገኝ ጓደኛ እንዳያነሳው ላዩ ላይ መቆም፣ በር ሲከፈት «አንተ ግባ» መባባል። በስልክም ወርቁ፣ መሣሪያውም፣ በሩም ነበሩ። ጌሙ ያልጻፈውን ሕግ ካርቶኑ ጻፈበት። ስለ ጌሙ ሲጠየቁ ግን ማንም ካርቶኑን አላነሣም፤ «በራሱ ያነጣጥራል» ነበር መልሱ።

መብራት የጠፋ ዕለት

ከዚህ መሐል አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ጥናቱ ይጎድላል። አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሁለቱ የፊፋ ቴሌቪዥኖች ጨለሙ፤ 2 ለ 1 ይመራ የነበረው ልጅ ጮኸ። ባለቤቱ ስዊቹን ከማስቀመጫው ላይ ነቅሎ አወጣው፤ የራሱ ባትሪና ስክሪን ስላለው ጨዋታው ከቆመበት ቀጠለ። ሁለቱ ተጫዋቾች ከጎንና ጎኑ የሚነቀሉትን ትንንሽ ጆይስቲኮች አንድ አንድ ያዙ። ስክሪኑ ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። የፊፋዎቹም፣ ተረኞቹም፣ እኔም በዙሪያው ተደፋን። ሒሳብ የሚይዝ አልነበረም፤ በጨለማ ገንዘብ አንቀበልም። ሁለቱ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሁለተኛውን ዓለም ጨረሱ፤ አንዱ ሊወድቅ ሲል ሌላው ፊቱ ገብቶ ጥይቱን በላለት፤ ከኋላ አሥር ሰው «ግራ! ግራ!» ይላል። ያን ማታ ስለ ማነጣጠሩ የተናገረ የለም። ትልቁ ስክሪን አልነበረም፣ ካርቶኑም በጨለማ አይነበብም።

መብራቱ ሲመጣ ካርቶኑን ያወረድኩት እኔ ነኝ። የአክስቴ ልጅ አልተቃወመም።

ሦስተኛው ሕግ

ከዚያ ወዲህ ክፍያው በሰዓት ሆነ፦ 15 ደቂቃ 15 ብር፣ ሁለቱ እኩል ይካፈላሉ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈለጉትን ያህል ይሞታሉ። ለጀማሪዎች ፍጹም ሆነ። ሦስት ደቂቃ ላይ ቢሞቱ «በል እንደገና» ይባባላሉ፤ በአምስተኛው ሙከራ የትኛው ጠላት ምን እንደሚተኩስ ያውቃሉ። ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ሰልፍ ተመለሰ። ስለ ማነጣጠር የሚያወሩት ልጆችም ቃላቸው ተለወጠ፤ አሁን «መሸሽ ነው ዋናው» የሚል አዲስ ሊቅነት ይዘዋል።

የኮምቦልቻው ተማሪ ግን ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ። የእሱ ቅሬታ ከክፍያ ጋር አይገናኝም፤ ጌሙ ለአንድ አውራ ጣት ተሰፍቶ ሁለት እጅ ላለው ሰው የተሰጠ ልብስ ነው። ሌሎቹ ቃሉን ስለተዋሱት ብቻ ቃሉ ውሸት አይሆንም። ከአንድ ቤት የሚሰማ ተመሳሳይ አስተያየት ግን በሰው ቁጥር ልክ እንደማይመዘን ከዚህ ተምሬያለሁ፤ ስምንት ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር ሲደግሙ አስተያየቱ አንድ ነው፣ የሰባቱን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

በአዲሱ ሕግ የተጎዳው ቀጭኑ ልጅ ነው። እሱ 15 ደቂቃ ሲሞላ ገና ሁለተኛው ዓለም መግቢያ ላይ፣ የሰበሰበው መሣሪያ መልክ በያዘበት ሰዓት ነው የሚሆነው፤ ተረኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ሌላ 15 ብር ከፍሎ እንዲቀጥል ተነግሮት ነበር። «በስልኬ ነጻ ነው» አለና ወጣ።

ሩቅ አልሄደም። አሁን ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ሆትስፖት ከፍቶ ይቀመጣል፤ ሦስት ልጆች በየስልካቸው ይገቡለታል፣ ተራ የሚጠብቁትም ወደ እሱ ዞረው ያያሉ። ባለቤቱ መጀመሪያ ሊያባርራቸው አስቦ ነበር፤ በኋላ ግን ከወንበሩ ሥር ማከፋፈያ ዘርግቶ ለስልክ ቻርጅ 5 ብር ማስከፈል ጀመረ። ይህ ገቢ በደብተሬ «ሶል ናይት» በሚለው ረድፍ ይግባ ወይስ «ልዩ ልዩ» በሚለው፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።